ከፀሐዩ ግድግዳ ጀርባ

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለየሽዋስ፤ አዲስ አበባ።

ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ስለ ጤናህ ብዙ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ዛሬ ግን ሰላምታ የሚያስረዝም ልብ የለኝምና ይቅር በለኝ። በሾፌሩ በአሸናፊ እጅ የላክኸው ወረቀት ትናንት ደረሰኝ። ለጥያቄህ መልሱ «አይደለም» ነው። ሴቶችን አራቁቼ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። አንድም ቀን፣ አንዲትም ሴት። ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ ስንት ቀን ፈጀበት? እዚህ ከክሊኒኩ በር እስከ መናኸሪያው ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

ይህን አንተ ልትጠይቀኝ አይገባህም ነበር። ግን ጠየቅክ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በክርስትና አባትህ በጋሽ ክንፈሚካኤል ክሊኒክ ራጅ ማንሳት ከጀመርኩ በመጪው ሚያዝያ ሁለት ዓመት ይሞላኝ ነበር። የራጅ ክፍሉን ታውቀዋለህ፤ በስተምሥራቅ በኩል ድሮ መስኮት የነበረው ነው። መስኮቱን በችፑድ ደፍነው ከውስጥ በእርሳስ ዝርግ ሸፍነውት ነበር። ደረቱን የሚነሳ ሰው ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ይቆማል፤ ጨረሩ ከጀርባው ገብቶ፣ ሰውየውን አልፎ፣ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። እዚያ የሚያስቀረው እርሳሱ ብቻ ነው።

ከግድግዳው ውጭ አግዳሚ ወንበር አለ። የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታርፈው እዚያ ነው፤ ነፋስም አይገባውም። ልጅ ሊያስመረምሩ የሚመጡ እናቶች ተራቸው እስኪደርስ ልጆቻቸውን ገላልጠው፣ ቅባት ቀብተው፣ ፀሐይ የሚያሞቁት እዚያ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ያይኔአበባም የሦስት ወር ልጇን ሥራ እስክትጨርስ እዚያው ታስተኛለች። «ልጆቻችሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁ» ብለን የምንመክራቸውም እኛው ነን።

ኅዳር ላይ ተቆጣጣሪዎች ደምበጫ ያለውን የጋሽ ክንፈሚካኤልን ሁለተኛ ክሊኒክ ሊያዩ መጡ። ለካ ለሁለቱ ክሊኒኮች ያለው አንድ የእርሳስ ዝርግ ብቻ ኖሯል። የእኛው ተነቅሎ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በአይሱዙ ሄደ። «ይመለሳል» ተባልኩ። ታኅሣሥ አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። እኔም ይመለሳል እያልኩ በባዶ ችፑድ ላይ ሰው ማንሳቴን አላቆምኩም። ይህን አልደብቅህም። የራጁን መጫኛ የተጫንኩት እኔ ነኝ።

መጫኛውን ነክተን ጨረር በለቀቅን ቁጥር «ኤክስፖዠር ሰጠን» እንላለን። ለፊልም ከበዛበት ይጠቁራል፣ ካነሰበት ይገረጣል፤ ስህተትህን እዚያው አይተህ እንደገና ታነሳለህ። ሰው ግን እንደ ፊልም አይጠቁርም። ሰው ላይ መሳሳት የሚቀለው ለዚህ ነው። ለእኛ ለሠራተኞች እንኳ የተቀበልነውን ጨረር የሚለካ ባጅ ደረታችን ላይ ይደረግልናል፤ የእኔ ባጅ የት እንደሚውል ታውቃለህ? የጋሽ ክንፈሚካኤል መሳቢያ ውስጥ። ሲላክ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ እንዲለካ።

ጥር ላይ አንድ ፊልም ብርሃን በማያስገባ ካሴቱ ውስጥ እንዳለ፣ ላዩ ላይ የእማን ቤት ቁልፍ በፕላስተር ለጥፌ፣ በአግዳሚው ጀርባ ከውጭ ግድግዳው ላይ አሰርኩት። ልክ የሕፃናቱ ራስ የሚውልበት ከፍታ ላይ። ሳምንቱን ሙሉ እንደወትሮዬ ሠራሁ። ቅዳሜ ጨለማ ክፍል ገብቼ ሳጥበው ፊልሙ ጠቁሮ፣ ቁልፉ ነጭ ሆኖ፣ ጥርሱ አንድ በአንድ ሊቆጠር ወጣ። የማጠቢያው መድኃኒት ነው ያጠቆረው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ።

ሰኞ ጋሽ ክንፈሚካኤል ቢሮ ይዤው ገባሁ። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእናቴ ቤት ቁልፍ ነው።»

«ቁልፍ ራጅ አነሳሽ?»

«እኔ አላነሳሁትም። ግድግዳዎ ነው ያነሳው።»

ሳቁ። እውነቴን ነው፣ ከልባቸው ሳቁ። «ሠርኬ፣ ፀሐይም እኮ ጨረር ናት። እሷንም ላዘጋልሽ?»

በማግስቱ ዘበኛው አላስገባም አለኝ። በሦስተኛው ቀን አንተ የሰማኸው ወሬ ተነሳ። አሁን ራጅ የምታነሳው ካርድ ክፍል የነበረች ሴት ናት። አግዳሚው ግን እንዳለ አለ።

ፊልሙን በካርቶን መሐል አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። በስልኬ አንስቼዋለሁ፤ ነገር ግን ስልክ ላይ ያለ ነገር «ሠርታው ነው» ይባላል። ኢንተርኔትም የለም። ዋናው ይህ አንድ ብቻ ነው። ጨረር የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ያለው አንተ ባለህበት ከተማ ነውና በእጅህ ወስደህ አስረክብልኝ፤ ማኅተም ያለበት መቀበያም ተቀበል። ክፍሉ እስኪታሸግ ሌላ የምለምንህ የለም።

እህትህ ሠርክአዲስ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሠርክአዲስ፤

እግዚአብሔር ይመስገን እኔም ልጆቹም ደህና ነን። ያንቺ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። በመጀመሪያ ያን ጥያቄ ስለጠየቅኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ወንድም ስለሆንኩ ነው የጠየቅኩት።

እሽጉ ሳይታጠፍ ደርሶኛል። በደህና ቦታ ነው ያለው። ስለ መሥሪያ ቤቱ የጻፍሽውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ አይሆንም። አንድ ጊዜ በሩን ካንኳኳን በኋላ «ተውነው» ማለት የለም። ጋሽ ክንፈሚካኤል እኔን ክርስትና ያነሱ፣ አባታችን ሲሞት ሬሳውን ከባሕር ዳር ያመጡ ሰው ናቸው። ይህን አንቺም አትረሽውም።

ቢሮዬ ደውለውልኝ ነበር። በጣም አዝነዋል። ስለ ፎቶ የሚወራውን እሳቸው አላስወሩም፤ የሰው አፍ ነው። «ልጄ ናት፤ በጓሮ ተንኮል መሥራት ለምን አስፈለጋት?» ነው ያሉኝ። መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ሊያስታርቁ ተነስተዋል። ቅበላ ሳያልፍ፣ ጾም በቂም እንዳይገባ ይላሉ። አገሩ እንዳለው ሥርዓት ትንሽ ድንጋይ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ «ይቅር በሉኝ» ማለት ብቻ ነው። ለወጉ ነው፤ ጠጠርም ብትሆን ትበቃለች ብለዋል። ከዚያ ጋሽ ክንፈሚካኤል ያነሱልሻል፣ ነገሩም ያልቃል።

እማንም አስቢያት። ገበያ ስትወጣ ሰው ምን እንደሚላት እኔና አንቺ አንሰማም።

ጠቆር ብለሻል፣ ከስተሻልም ብሎኛል አሸናፊ። ተመርምረሻል ወይ? ሌላም የምነግርሽ ነበረኝ፤ ለጊዜው ይቆይ።

ወንድምሽ የሽዋስ

ቡሬ፣ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለየሽዋስ፤

ደብዳቤህን እማ ጋ ሆኜ ነው ያነበብኩት። የኪራይ ቤቴን ለቅቄ ወደ ገጠር ከገባሁ አምስት ቀኔ ነው፤ አከራዬ «ሴት ልጆች አሉኝ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ እንዳስረዳህ አትጠብቅ።

እማ ፊቷን ቋጥራ ሁለት ቀን በርበሬ ስትቀነጥስ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ከበርበሬው ሳታነሳ ጀመረች።

«ራቁታቸውን ነው እንዴ የምታያቸው?»

«እማ፣ ጋውን እንሰጣቸዋለን። እኔ የማየው አጥንታቸውን ነው።»

«አጥንት?»

«ሳንባም፣ ልብም ይታያል።»

«እሱማ የባሰ ነው!» አለች። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሷም ሳቀች፤ የበርበሬው ቡናኝ ገብቶን ሁለታችንም አስነጠሰን። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስታ አታውቅም። ገበያ የሚሏትን እኔ እሰማለሁ፤ አብሬያት እወጣለሁና። አንተ ነህ የማትሰማው።

አሁን ስለ ድንጋዩ። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። «ጠጠርም ትበቃለች» ብለህ ስትጽፍ ብዕርህ እንዴት ታዘዘህ? ሰው የገደለ ድንጋይ ተሸክሞ የሟች ቤተሰብ እግር ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ያ ሰው በደሉን ያውቀዋል፣ ለዚያም ነው ድንጋዩ የሚከብደው። እኔ ማንን ገደልኩ? እነሱ የሚፈልጉት እርቅ መስሎሃል? እርቅማ ሁለቱም የበደሉትን ሲናገሩ ነው። እነዚህ የሚፈልጉት አገሩ አንገቴን ደፍቼ አይቶኝ «ለካ እውነት ኖሯል» እንዲል ነው። የክፋቱን ያህል ልስላሴው አስጠላኝ። «ልጄ»፣ «ሠርኬ»፣ «ለወጉ ነው»። በማር የተቀባ ቆሻሻ ቆሻሻነቱን የሚተው ይመስልሃል?

ሬሳ ስላመጡልን ዝም ልበል? አባታችን ይህን ቢያውቅ ኖሮ ያን ቀን በእሳቸው ከመጫን በእግሩ ተነስቶ ይመጣ ነበር።

ያይኔአበባ ባለፈው እሑድ ዘመዶቿን ለመጠየቅ ቡሬ መጥታ አገኘኋት። አግዳሚው ላይ አትቀመጪ አልኳት፤ ለምን እንደሆነም አስረዳኋት። ልጇን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ሰማችኝና «ታዲያ ፀሐይ የት ላሙቃት፣ እታለም? በወዲያ በኩል ነፋስ ነው» አለች። «ለምን ተነሳሽ ብለው ቢጠይቁኝስ ምን እላለሁ? አንቺን ያባረሩ እኔን ምን ይሉኛል?» ልጅቷ ደህና ናት። ትስቃለች፣ ጡቷን ትጠባለች። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ዛሬ ደህና ናት፣ ነገም ደህና ናት፣ ምናልባትም ዕድሜዋን ሙሉ ደህና ትሆናለች። ምናልባት ደግሞ የዛሬ ሃያ ዓመት አንድ ነገር ይወጣባታል፤ ያን ጊዜ ይህን ግድግዳ የሚያስታውስ አይኖርም። ጋሽ ክንፈሚካኤልም የሚተማመኑት በዚያ ነው። እሷንማ ነገርኳት። በየቀኑ ከገጠር የሚመጡትን፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸውን እናቶች ማን ይነግራቸዋል?

ስለ ምርመራዬ ጠይቀሃል። ደም ሰጥቻለሁ፣ ውጤቱንም አይቼዋለሁ። ስለሱ ሁለተኛ አትጠይቀኝ።

«በደህና ቦታ ነው» የሚል መልስ አልፈልግም። አስረክበኸዋል ወይስ አላስረከብከውም? አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ።

ሽምግልናው ላይ ግን እሄዳለሁ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ በአንድ ግቢ የሚሰበሰቡበት ሌላ ቀን የለኝም። ድንጋያቸውን ግን አልነካም።

ሠርክአዲስ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፤

እሄዳለሁ ማለትሽ በጣም አስደስቶኛል። ቃላትሽ ቢያምሙኝም ቂም አልያዝኩም፤ ከልጅነትሽም ምላስሽ እንዲሁ ነው።

ስለ ፊልሙ አትጨነቂ። መሆን ያለበት ቦታ ደርሷል።

ጋሽ ክንፈሚካኤል ወደ ሥራሽ እንደሚመልሱሽ ቃል ገብተውልኛል፤ እርሳሱንም ከፋሲካ በኋላ አስመጣለሁ ብለዋል። ባይሆን ያቺን አንዲት ቀን ምላስሽን ግቺልኝ። የእኔም የሹመት ነገር በእሳቸው ወዳጅ በኩል መስመር ይዟል፤ ሳይቋጭ ላወራው ስላልፈለግኩ ነው እስካሁን የቆየሁት። ሁላችንም የምናተርፍበት ነገር ነው፤ አንቺም ቀዝቀዝ ስትይ ታይዋለሽ።

ለእማ ነጠላ ልኬያለሁ።

የሽዋስ

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

የሽዋስ፤

እርቁ ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በክሊኒኩ ግቢ ነበር። እንዴት እንደሆነ ሌላ ሰው አስውቦ ሳይነግርህ ከእኔ ስማው።

መሪጌታ ገብረ ኢየሱስና ሁለት ሽማግሌዎች ከዛፉ ሥር ወንበር ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል። ክንፈሚካኤል ከፊት ለፊታቸው። ከአሁን በኋላ «እሳቸው» እንድለው አትጠብቅ። ሴት ልጁ ያምሮት ለእርቁ ምሳ ከባሏ ቤት መጥታለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ይዛለች። ክሊኒኩ ሥራ ላይ ነው፤ በሽተኛ ይገባል ይወጣል። ድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቷል። ቡጢ ያህላል፤ ታጥቧል። አንድ ሰው ተቀምጦ እኔ የምዋረድበትን ድንጋይ በሳሙና አጥቧል።

«አንሺው ልጄ» አሉ መሪጌታ።

«መሪጌታ፣ በድዬ ቢሆን ከዚህ የሚበልጥ ባነሳሁ። አልበደልኩም። ያየሁትን ልንገርዎት?»

ነገርኳቸው። ስለ እርሳሱ፣ ስለ ባጁ፣ ስለ ፊልሙ፣ እኔም አውቄ ስለተጫንኩባቸው ሳምንታት። አንዱ ሽማግሌ «የታለ ፊልሙ?» አሉ። «አዲስ አበባ፣ በመንግሥት እጅ ነው» አልኩ። ኮርቼ ነው ያልኩት፣ የሽዋስ። አንገቴን ቀና አድርጌ።

ክንፈሚካኤል ከኮቱ ውስጥ ካርቶኑን አወጣ። ላዩ ላይ ያንተ ስም አለ፤ በእኔ እጅ ጽሑፍ።

«ወንድሟ አስተዋይ ነው። ለእኔው መለሰልኝ» አለ። ፊልሙን አውጥቶ ሊቀድደው ያዘ። የራጅ ፊልም በእጅ አይቀደድም። ጎተተው፣ አጠፈው፣ ፊቱ ቀላ፣ ላብ አጠመቀው፤ በመጨረሻ «መቀስ!» ብሎ ጮኸ። ነርሷ አመጣችለት። በሽማግሌ ፊት አራት ቦታ ቆራርጦ ኪሱ ከተተው። እኔ ያን ጊዜ ስለ እሱ አላሰብኩም። ስለ አንተ ነበር የማስበው፤ ካርቶኑን ስታስረክብ ቆመህ ነበር ወይስ ተቀምጠህ?

ቀና ስል አግዳሚውን አየሁት። ሞልቷል። ሁለት የገጠር እናቶች አሉ፣ የያይኔአበባ ልጅ ተኝታለች፣ ያምሮትም ወሬያችን ሰልችቷት ሄዳ ልጇን ገላልጣ ፀሐይ ታሞቃለች። ክንፈሚካኤል ለልጁም አልነገራትም። ለገዛ ልጁ!

«መሪጌታ፣ እርቁን ተቀብያለሁ» አልኩ። «ድንጋዩንም አነሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ጋሽ ክንፈሚካኤል ግድግዳው ምንም የለበትም ብለዋል። እኔ አሁን ገብቼ ማንም በሌለበት ክፍል አሥር ጊዜ ልጫን፤ ያምሮት ከነልጇ ካለችበት አትነሳ። ምንም ከሌለበት ምን ገዷቸው?»

ብዬ ወደ ራጅ ክፍሉ መራመድ ጀመርኩ። እንደማልጫን አንተ ታውቃለህ፤ ባታውቅም ዛሬ ግድ አይለኝም። ስድስት እርምጃ ቆጥሬያለሁ። ሰባተኛው ላይ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ።

«ያምሮት! ልጁን ወደዚህ አምጪው! ነፋስ ነው!»

ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር። መሪጌታ ቀና ብለው ዛፉን አዩት፣ ከዚያ ክንፈሚካኤልን አዩት።

«ክንፈሚካኤል፣ ነፋሱ በየት በኩል ነው?»

እሱ ወደ አግዳሚው እንደዞረ ነው።

«ለእኔ አልነፈሰኝም። ለእናንተስ ነፍሷችኋል?» ብለው ሁለቱን ሽማግሌዎች ጠየቁ። እነሱም አልነፈሳቸውም።

ያምሮት ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ አባቷ ፊት ቆመች። «አባዬ፣ ታውቅ ነበር?» አለችው። እሱ የወደቀውን ወንበር ያነሳል። «አባዬ፣ እኔን እየኝ። ታውቅ ነበር?» ያይኔአበባ ከኮሪደሩ መወልወያዋን ጥላ ሮጠች፤ ልጇን አነሳች። ሁለቱ እናቶች ምን እንደተባለ ሳይገባቸው የእሷን አይተው ተነሱ። አግዳሚው ባዶውን ቀረ፤ ፀሐዩ ላዩ ላይ።

መሪጌታ «እርቁ አልሆነም» ብለው ተነሱ። ቀድሞ ተጽፎ የቀረበላቸውን የእርቅ ወረቀት ገልብጠው፣ በጀርባው ያዩትንና የሰሙትን በእጃቸው ጻፉ፤ ሦስቱም ፈረሙበት። ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩኝም። «በድንጋዩ ይቅር በይን» አሉ። እንኳን ይቅር ልላቸው፣ እጃቸውንም አልሳምኩ። ስለ ስሜ የተወራውን ሰምተው ሳምንታት ዝም ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለማመን የራሱ የልጅ ልጅ አስፈለጋቸው። የያይኔአበባ ልጅ ብቻ ብትሆን ኖሮ አሁንም ድንጋዩን አንሺ እባል ነበር።

ክፍሉ ትናንት ከሰዓት ተቆልፎ ዋለ። ቁልፉ ያለው እሱ ኪስ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይከፍተዋል፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በጸጥታው ምክንያት የተዘጋው መንገድ በዚህ ሳምንት እንደተከፈተ እኔና ያይኔአበባ ወደ አዲስ አበባ እንነሳለን። ሥራዋን ትናንት ማታውኑ ለቃለች። ቤትህ አናርፍም። ለእማ የላክኸው ነጠላ አልተፈታም፤ ይዤልህ እመጣለሁ።

ሰኞ መጋቢት 9 ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እንቆማለን። አንተም ትመጣለህ። ፊልሙን ማን እንደላከልህ፣ አንተ ለማን እንደሰጠኸው፣ በምንስ እንደለወጥከው በአንደበትህ ትናገራለህ። ይቅርታህን አልፈልገውም፤ ምስክርነትህን እንጂ። ካልመጣህ አቤቱታው ተጽፎ አልቋል፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስምህ ከነአባትህ ሰፍሯል። እታች በፊርማዬ ላይም ያው የአባት ስም አለ።

ሠርክአዲስ